ተራራው ስም አለው፦ የሙዚቃ ክሊፕ ማንበብና ማቀድ በምዕራብ ደቡብ ወሎ

የሙዚቃ ክሊፕ መተንተን የሚጀምር ተማሪ መጀመሪያ ድምፁን ይዘጋል። ሦስት ወይም አራት ደቂቃ የሚፈጀውን ሥራ ዝም አሰኝቶ ከዳር እስከ ዳር ያየዋል። ቀጥሎ ስክሪኑን ከድኖ ዘፈኑን ብቻ ያዳምጣል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በሦስተኛው ዙር ነው። እንዲህ ሲያደርግ ዜማው ሸፍኖት የነበረው የምስሉ ድክመት ይወጣል፤ ምስሉ ያስዘነጋው የግጥም ብልሃትም ለጆሮ ይገለጣል።

ይህን ሙከራ በወሎ ዘፈኖች ክሊፕ ላይ ያደረገ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ድምፁ ሲጠፋ ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። ድሮን ከገደል አፋፍ ይነሣል፤ ሹሩባ የተሠራች ወጣት እንስራ አዝላ ቁልቁል ትወርዳለች፤ ነጭ የለበሱ ተወዛዋዦች አረንጓዴ መስክ ላይ ተሰልፈው ትከሻቸውን ይመታሉ። ቦታው አምባሰል ይሁን ቦረና፣ ለጋምቦ ይሁን ወግዲ፣ ከምስሉ ማወቅ አይቻልም። ዘፋኙ አገሩን በስም እየጠራ ሳለ፣ ተራራው ግን ስም የለሽ ሆኖ ያልፋል።

ይህ የሚያስቆጨው ወሎ በዜማው የቦታ ስም ያስጠራ ምድር በመሆኑ ነው። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ የሚጠሩት በወሎ ቦታዎች ነው። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ያለው ተራራማ አገር ነው። ባቲ ደግሞ ከደሴ በስተምሥራቅ፣ ምድሩ ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ትዝታም ቢሆን ሲነሣ ወሎ አብሮ ይነሣል። ማሪቱ ለገሰን የመሰሉ ድምፃውያን በእነዚህ ቅኝቶች ስማቸውን ተክለዋል፤ በደርግ ዘመን ደሴ ላይ የነበረው የላሊበላ የኪነት ቡድንም የአካባቢውን ዘፈንና ውዝዋዜ ለመድረክ አብቅቷል። የቦታ ስም ተሸክሞ አገር ያዳረሰ ዜማ፣ ምስል ሲጨመርለት ስሙን ሊጥል አይገባም።

ለዚህ የምዕራብ ደቡብ ወሎን ምድር ምሳሌ እንውሰድ። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የለጋምቦን ደጋ አቋርጦ ይደርስባታል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ምድሩ በስተምዕራብ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይዘቀዘቃል፤ ከወንዙ ማዶ ጎጃም ነው። በስተሰሜን ሳይንት አለ፤ ከዚያም ወዲያ የበሽሎ ወንዝ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በቦረናና በሳይንት መካከል ደንቆሮ ጫካ ተብሎ የኖረውና በኋላ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ደን ይገኛል። ወደ 3,700 ሜትር በሚጠጋው ከፍታው ላይ አስታና ጅብራ ይበቅላል፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ግቢዎች አሉት። ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን መማር የሚሻ የአካባቢው ወጣት ደግሞ ወደ ደሴው ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ይችላል።

እንዲህ ያለ ተማሪ ክሊፕ ሲያነብና ክሊፕ ሲያቅድ የሚሠራው አንድ ሥራ ነው። በሌላ ሰው ክሊፕ ላይ እየቆጠረ ያገኘውን፣ በራሱ ወረቀት ላይ ካሜራው ሳይነሣ በፊት ይጽፈዋል።

ከስቱዲዮ እስከ ስልክ ስክሪን

ክሊፕ የተወለደው በአብዛኛው ከችግር ነው። የእንግሊዙ ኩዊን ባንድ እ.ኤ.አ. በ1975 «ቦሄሚያን ራፕሶዲ»ን ሲያወጣ፣ በብዙ የተደራረበ ድምፅ የተሠራውን ዘፈን በቴሌቪዥን መድረክ ላይ ቆመው እንደሚዘፍኑት ማስመሰል አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ በዳይሬክተር ብሩስ ጋወርስ መሪነት ክሊፑን በ4 ሰዓት ገደማ ቀረፁት፤ ወጪው 4,500 ፓውንድ አካባቢ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1981፣ ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ክሊፕ ያሳይ የነበረው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤምቲቪ አሜሪካ ውስጥ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1983 ጆን ላንዲስ ያዘጋጀው የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» 14 ደቂቃ ገደማ ፈጅቶ ክሊፕን ወደ ፊልም አስጠጋው። ለሚዲያ ተማሪ የሚጠቅመው ግን ገንዘቡ የተገኘበት መንገድ ነው። አዘጋጆቹ ክሊፑ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ዶክመንተሪ አብረው ቀርፀው ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች በመሸጥ ወጪያቸውን ሸፈኑ። የሥራው ሂደት ራሱ ሌላ ሥራ ወለደ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ጊዜ ዘፋኝ በምስል የሚታየው በስቱዲዮ መድረክ ወይም በበዓል ዝግጅት ላይ ነበር። የካሴት ዘመን ሲያበቃ ቪሲዲ መጣ፤ በአንድ ዲስክ የታጨቁ ክሊፖች በየሻይ ቤቱና በየአገር አቋራጭ አውቶቡሱ ይታዩ ጀመር። ዛሬ ዩቲዩብ ያንን ቦታ ወስዷል፤ ተመልካቹም ክሊፑን የሚያየው መዳፉን በሚያክል ስክሪን ነው። ይህ ቀላል የሚመስል ለውጥ ለእቅድ ትልቅ ትርጉም አለው። በቴሌቪዥን የሚያምረው ሰፊ የተራራ ሾት በስልክ ላይ ሲታይ በመሐሉ የቆመው ሰው ነጥብ ያክላል።

ሰሙን ብቻ የሚያሳይ ምስል

በሚዲያ ትምህርት ቤቶች ስለ ክሊፕ ሲነገር ስሙ ቀድሞ የሚጠራው አንድሪው ጉድዊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ምስልና ግጥም የሚገናኙባቸውን ሦስት መንገዶች ለይቷል። አንደኛው ምስሉ ግጥሙ ያለውን ቃል በቃል ሲያሳይ ነው። ሁለተኛው ምስሉ በግጥሙ ላይ አዲስ ትርጉም ሲጨምር ነው። ሦስተኛው ምስሉ ከግጥሙ ተለይቶ በራሱ መንገድ ሲሄድ፣ አንዳንዴም ሲቃረነው ነው። ጉድዊን በዚህ ላይ የዘፋኙን ፊት የሚያጎሉ ክሎዝ አፖችን፣ ክሊፑ ወደ ሌሎች ፊልሞችና ሥራዎች የሚያመለክትባቸውን ፍንጮች፣ ካሜራው ሰውን በተለይም ሴትን የሚያይበትንም ሁኔታ እንድናስተውል ይመክራል።

ይህ መለኪያ ወደ አማርኛ ዘፈን ሲመጣ ጉድዊን ያላሰበው አንድ ፈተና ይገጥመዋል። የአማርኛ ግጥም ሰምና ወርቅ አለው። በቦረና ወይም በወግዲ አፋፍ ላይ የቆመ አፍቃሪ ዓባይ አላሻግር እንዳለው ቢዘፍን፣ አድማጩ ወንዙንም ዋሾዋን ፍቅረኛም በአንድ ቃል ይሰማል። ክሊፑ ወንዙን በድሮን አሳይቶ ካለፈ ሰሙን አጉልቶ ወርቁን ቀበረው። ዳይሬክተሩ በተቃራኒው ወንዙን ፈጽሞ ሳያሳይ፣ ቀጠሮ የተሰጠበትን ባዶ የገበያ መንገድ ቢያሳይ ሰሙ በጆሮ፣ ወርቁ በዐይን ይደርሳል። እዚህ ላይ ምስሉ ግጥሙን ሳይደግም ያግዘዋል። ተንታኙ በየስንኙ አጠገብ «ሰሙን አሳየ? ወርቁን አሳየ? ወይስ ሁለቱንም ትቶ ሄደ?» ብሎ ቢመዘግብ፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ የዳይሬክተሩን የአእምሮ አካሄድ ያገኘዋል።

ከግጥሙ ቀጥሎ ድምፁ አለ። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ሚሼል ጎንድሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ለዳፍት ፐንክ ቡድን «አራውንድ ዘ ወርልድ» ዘፈን በሠራው ክሊፕ እያንዳንዱን የተወዛዋዥ ቡድን ለአንድ መሣሪያ ሰጠው። አጽም የለበሱት ጊታሩን፣ በጨርቅ የተጠቀለሉት የከበሮ ማሽኑን፣ ሮቦት የመሰሉት የዘፋኙን ድምፅ ይከተላሉ። መሣሪያው ሲገባ ቡድኑ ይንቀሳቀሳል፤ ሲያቆም ቡድኑም ይቆማል። የሙዚቃ ትምህርት የሌለው ተመልካች እንኳ ዘፈኑ ከምን እንደተገነባ በዐይኑ ያያል።

የወሎ እስክስታ ለዚህ ዓይነቱ ንባብ የተሠራ ይመስላል። ትከሻው ከከበሮው ጋር ሲሄድ፣ አንገቱ የማሲንቆውን መሳብ ሲከተል፣ ጭብጨባው ደግሞ የራሱን ምት ሲይዝ በአንድ ሰው ገላ ላይ ሦስት መሣሪያ ይነበባል። ክሊፑ ይህን ለማሳየት ጊዜ ሰጥቷል ወይስ በየሰከንዱ እየቆረጠ በትኖታል? ስሎው ሞሽን ሲገባስ የትከሻው ፍጥነት፣ ማለትም የውዝዋዜው ዋና ውበት፣ ምን ይሆናል? ተንታኝ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሰከንድ ቆጥሮ ይመልሳል።

ሦስተኛው የንባብ ጉዳይ ሴቶች ናቸው። ሎራ መልቪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣችው ታዋቂ ጽሑፍ፣ ሲኒማ ሴትን በወንድ ዐይን እንድትታይ አድርጎ እንደሚያቀርብ ተከራክራለች። የወሎ ሴት በዘፈን ግጥም ውስጥ ከሁሉ በላይ የምትነሣው በውበቷ ነው፤ ክሊፖቹም ይህን ተከትለው ፊቷንና ወገቧን ደጋግመው ያሳያሉ። ተማሪው አንድ የቁጥር ሥራ ይሥራ፦ ሴቶች በጠቅላላው ስንት ሰከንድ ታዩ? ከዚያ ውስጥ ስንቱን ሰከንድ አንድ ነገር ሲሠሩ፣ ሲናገሩ፣ ሲወስኑ ታዩ? መልሱ ብዙ ጊዜ ከማንኛውም ትችት በላይ ይናገራል።

እዚህ ላይ በተቃራኒው የተነሣ አንድ የአገራችን ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባና በአማራ ክልል ይሰማ ለነበረ የሬዲዮ ድራማ የተሰባሰቡት የ«የኛ» ቡድን አምስት ወጣት ሴቶች፣ ከድምፃዊት አስቴር አወቀ ጋር «ጣይቱ» የተባለውን ዘፈን ሠርተዋል። ሥራው የተነሣው ከተደራሲዋ ነው፤ የክልሉ ታዳጊ ሴት ራሷን በጥንካሬ እንድታይ የታሰበ ነበር። ለማን ነው የምንሠራው የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ ሲመለስ፣ ርዕሱም ከውበት ወደ እቴጌ ጣይቱ ወኔ ይሸጋገራል።

ታሪክን ወደ ምስል ያመጣው የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው»ም ለትንተና የሚመች ነው። አልበሙ በ2004 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ክሊፑ የዓድዋን ዘመቻ በተዋናዮችና በሠራዊት ትዕይንት ያሳያል። አልባሳቱ፣ ፈረሱ፣ መሣሪያው፣ የሰው ብዛቱ ሁሉ አስቀድሞ ካልታቀደ ሊሆን የማይችል ነው። የደቡብ ወሎ ተማሪ ግን ከክሊፑ ውጭ ያለውንም ጂኦግራፊ ይጨምርበታል። ዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጃቸውን ሲያውጁ የሸዋ ሰው እንዲሰበሰብ የታዘዘበት ወረ ኢሉ ያለው በዚሁ ዞን ነው። ከጣሊያን ጋር ለተነሣው ጠብ ምክንያት የሆነው ውል በ1881 ዓ.ም. የተፈረመበት ውጫሌም አምባሰል ውስጥ ነው። ራስ ሚካኤልም የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዘምተዋል። በካሜራ ያልታየ ስም ፍለጋ ለቀጣይ ክሊፕ ሐሳብ የሚገኝበት መንገድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ካሮል ቨርናሊስ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳብራራችው፣ የክሊፕ ታሪክ ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ነው፤ የሚመራው ዘፈኑ ነውና። ክሊፕን እንደ አጭር ፊልም ቆጥሮ «መጨረሻው አልታወቀም» ብሎ መንቀፍ መለኪያውን መሳት ነው።

ካሜራ ከመነሣቱ በፊት

እቅድ የሚጀምረው ከመቁጠር ነው። ተማሪው መጀመሪያ የዘፈኑን ፍጥነት በደቂቃ ስንት ምት እንደሆነ ያውቃል፤ ለዚህ ሰዓትና ጭብጨባ ይበቃል። በደቂቃ 100 ምት ያለው ዘፈን ከሆነ አንዱ ምት 0.6 ሰከንድ ይወስዳል። የአገራችን ቴሌቪዥን በሰከንድ 25 ፍሬም ስለሚሠራ፣ አንድ ምት ልክ 15 ፍሬም ይሆናል። አራት ደቂቃ ማለት 400 ምት ነው። በየአራት ምቱ ከተቆረጠ 100 ሾት ያስፈልጋል። በደቂቃ 60 ምት ለሚሄድ ዝግ ያለ ትዝታ ደግሞ በየስምንት ምቱ ቢቆረጥ 30 ሾት ይበቃል። ይህ ስሌት ስንት ቀን ቀረፃ፣ ስንት ባትሪና ስንት ቦታ እንደሚያስፈልግ ያሳያል። መቶ ሾት አስቦ አንድ ከሰዓት በኋላ የመደበ ቡድን ኤዲቲንግ ላይ ሲቀመጥ አንዱን ሾት አሥር ጊዜ ለመድገም ይገደዳል።

ቀጥሎ ዘፈኑ በወረቀት ላይ ይዘረጋል። በሰንጠረዥ አራት ዓምድ ይሠራል፦ ሰከንዱ፣ ስንኙ፣ የሚሰማው መሣሪያ፣ የሚታየው ምስል። መግቢያው፣ አዝማቹ፣ የማሲንቆው ብቻውን መጫወት፣ መውጫው እያንዳንዱ ድርሻውን ያገኛል። ይህ ሰንጠረዥ ለትንተና ያገለገለው ያው ሰንጠረዥ ነው፤ ልዩነቱ የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ሆኖ መጀመሩ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ የማይበልጥ የሐሳብ መግለጫ፣ ከዚያ ስቶሪቦርድ፣ ከዚያ የሾት ዝርዝር ይከተላል። ስቶሪቦርድ ሥዕል መቻልን አይጠይቅም፤ ሰውየው በፍሬሙ ግራ ይሁን በቀኝ፣ ቅርብ ይሁን ሩቅ ከታወቀ እንጨት መሳይ ሰው መሣል ይበቃል።

ሁለት የሙያ ብልሃቶች ጀማሪን ከብዙ ድካም ያድኑታል። የመጀመሪያው፣ ዘፋኙ በስሎው ሞሽን እየተንሳፈፈ ከንፈሩ ግን ከዘፈኑ ጋር እንዲገጥም ሲፈለግ የሚሠራበት ነው። ካሜራው በሰከንድ 50 ፍሬም ይቀርፃል፤ ፕሌይባኩ በእጥፍ ፍጥነት ይለቀቃል፤ ዘፋኙም በዚያ ፍጥነት ይዘፍናል። ኤዲቲንግ ላይ ምስሉ ወደ 25 ፍሬም ሲወርድ ከንፈሩ በትክክል ይገጥማል፤ ነጠላውና ፀጉሩ ግን በዝግታ ይወዛወዛሉ። ሁለተኛው የድምፅ ርቀት ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስፒከሩ ከዘፋኙ 34 ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ድምፁ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ፣ ማለትም በሁለት ፍሬም ተኩል ዘግይቶ ይደርሰዋል። ሰፊ የተራራ ሾት ሲወሰድ ትንሿን ስፒከር ከድንጋይ ጀርባ፣ ከዘፋኙ አጠገብ መደበቅ ይሻላል።

ገንዘብ የሌለው ተማሪ ኦኬ ጎ የተባለውን የአሜሪካ ባንድ ሥራ ይይ። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሂር ኢት ጎዝ አጌን»ን የቀረፁት አንድ ቦታ ላይ በተተከለ አንድ ካሜራ፣ አንድም ጊዜ ሳይቆርጡ ነው። አራቱ የባንዱ አባላት በስምንት የመሮጫ ማሽኖች ላይ ይወዛወዛሉ። አሥራ ሰባት ጊዜ ሞክረው አንዱ ተሳካ፤ በዓመቱም የግራሚ ሽልማት አገኘ። የመካነ ሰላም ወጣቶች በስልክ ካሜራና በአንድ ትሪፖድ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት ይችላሉ፤ የሚጠይቀው የብዙ ቀን ልምምድ ነው፤ ልምምድ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም።

ደጋው የራሱን ሕግ ያወጣል

በእንግሊዝኛ የተጻፈ የቀረፃ መመሪያ ስለ ምዕራብ ወሎ ብርሃን አያውቅም። መካነ ሰላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ11 ዲግሪ በታች ላይ ስለሆነች፣ ፀሐይ ወጥታ ቶሎ ወደ ላይ ትሸቅባለች። ለቀረፃ የሚፈለገው ለስላሳ የጧት ብርሃን የሚቆየው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። በሚያዝያ 10 እና በነሐሴ 18 አካባቢ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ በአናት ትክክል ትቆማለች፤ የዐይን ጉድጓድ ይጨልማል፤ ጥላ ከእግር ሥር ይገባል። ስለዚህ ክሎዝ አፖች በጧትና በማታ፣ ወይም በቤት ጥላና በግራር ሥር ይያዛሉ፤ ቀኑ ለሰፊ ሾትና ለእረፍት ይቀራል።

ነጭ ጥበብና ነጠላ ሌላ ፈተና ነው። ካሜራ ራሱ ብርሃኑን እንዲመርጥ ከተተወ፣ ለልብሱ ንጣት ይሸነፍና ጠይሙን ፊት ያጨልመዋል። ብርሃኑን በእጅ ለፊቱ መለካት፣ የልብሱን ንጣት ደግሞ ከፀሐይ በመከለል ወይም ሰውየውን ለፀሐይ በጎኑ በማቆም መቀነስ መፍትሔ ነው። ከበግ ፀጉር የሚሠራው ጥቁር ባና፣ ደጋው ራሱ ለካሜራ የሰጠው ልብስ ነው፤ ተራራውን ከሌላው ይለያል፣ ብርሃኑንም አያስቸግርም። በቤት ውስጥ በአምፖል ብርሃን ሲቀረፅም የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዙር ስለሆነ፣ በ25 ወይም በ50 ፍሬም መቅረፅ ከሚያስጠላው የብርሃን መንቀጥቀጥ ያድናል።

እስክስታን ጥርት አድርጎ ለመያዝ ደግሞ የካሜራው ሻተር ከተለመደው 1/50 ወደ 1/100 ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ቢል ትከሻው አይደበዝዝም። ተወዛዋዦቹ ከቆላ የመጡ ከሆነ በደንቆሮ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ በተከታታይ አምስት ጊዜ «ድገሙት» ማለት አይቻልም። በጧት የሚነሣው ጉም ለአንዳንድ ዘፈን ስጦታ ነው፣ ለሌላው ደግሞ የጠፋ ግማሽ ቀን ነው።

ከሁሉም በላይ ቀን መቁጠሪያው አለ። መስከረም ላይ አደይ አበባ አለ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ገብሱና ባቄላው ይታጨዳል፣ ይወቃል። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት የሠርግ ወቅት ናቸው። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን የመንደር ሰውን «ጨፍሩልን» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጉርብትናና በጋብቻ ተሳስሮ የሚኖርበት አገር ስለሆነ እቅድ አውጪው ሁለቱንም የበዓልና የጾም ቀኖች በወረቀቱ ላይ ያሰፍራል። መንዙማም የአምልኮ ዜማ ነው፤ ለማድመቂያ ብሎ ከዘፈን ጋር መቀላቀል ባለቤቶቹን ያስቀይማል።

ፈቃድም የእቅዱ አካል ነው። በፓርኩ ለመቅረፅ ጽሕፈት ቤቱን፣ በቀበሌ ለመቅረፅ አስተዳደሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ድሮን ለማብረር ደግሞ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነበረው ግጭትና የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጥ የተማሪዎችን ሥራ አስተጓጉሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ በሰማይ ላይ ድምፅ የሚያሰማ ነገር ሕዝቡን ያስደነግጣል፤ ስለዚህ ድሮኑን ትቶ ከአፋፍ ላይ ሆኖ በትሪፖድ መቅረፅ ለሰውም ለሥራውም የሚበጅ ውሳኔ ነው። የቀረፃው ቦታ አስተማማኝ ካልሆነ እቅዱ ወደ ግቢ ወይም ወደ ቤት ውስጥ የሚመለስበት ሁለተኛ ገጽ ሊኖረው ይገባል።

ሰዎቹና ስማቸው

አባወራው ደጁን፣ እናት ቡና ማፍያዋን፣ ማሲንቆ መቺው ጣቱን ለካሜራ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ምስጋና ብቻ ነው። መልካም እቅድ ለእነዚህ ሰዎች ሁለት መስመር ይዟል። አንዱ ከቀረፃው በፊት ምን እንደሚሠራና የት እንደሚታይ በግልጽ ነግሮ ማስፈቀድ ነው፤ ልጅ ከሆነ ወላጁን። ሁለተኛው ለጠፋባቸው ቀን የሚከፈለውን ገንዘብ በበጀቱ ውስጥ ከምሳና ከትራንስፖርት እኩል መጻፍ ነው።

ዘፈኑም ባለቤት አለው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥምና የዜማ ደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ የድምፃዊውና የአሳታሚው መብትም በአዋጁ ተካቷል። ተማሪው በታዋቂ ዘፈን ላይ የሠራውን ክሊፕ ለክፍል ውስጥ ማቅረብና ለሕዝብ መልቀቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሊያውቅ ይገባል። ለሕዝብ ሊለቅ ካሰበ ፈቃድ ይጠይቅ፤ የተሻለው ግን በአካባቢው ካለ አዝማሪ ወይም ጀማሪ ድምፃዊ ጋር በስምምነት አዲስ ዘፈን መሥራት ነው። ድምፃዊው ክሊፕ ያገኛል፣ ተማሪው ዘፈን ያገኛል፣ የሁለቱም ስም አብሮ ይወጣል።

ሥራው ሲያልቅ የሚቀረው የስም ዝርዝሩ ነው። በብዙ ክሊፖች መጨረሻ የዳይሬክተሩ፣ የካሜራማኑና የኤዲተሩ ስም ይወጣል፤ ተራራውና የመንደሩ ሰዎች ግን አይጠሩም። ይህን ማስተካከል ምንም ወጪ የለውም። በመዝጊያው ሃያ ሰከንድና በዩቲዩብ ማብራሪያው ውስጥ ቅኝቱ አምባሰል ይሁን ባቲ፣ ማሲንቆውን የመታው ማን እንደሆነ፣ ውዝዋዜው የየትኛው አካባቢ እንደሆነ፣ ቀረፃው የተካሄደበት ወረዳና ቀበሌ፣ ከዓባይ አፋፍ ላይ የታየው ሸለቆና ከጀርባው የቆመው ተራራ በስማቸው ይጻፉ። ከዓመታት በኋላ ያንን ክሊፕ ድምፁን ዘግቶ የሚያይ ሌላ ተማሪ፣ ያየው ምድር ቦረና መሆኑን አንብቦ ያውቃል፤ ማሲንቆ መቺውንም ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል።